ሂሳባቸውን ማን ይቀበላቸው?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ መገለል ነው። ሰው በሕመሙ፣ በአካሉ ወይም ወላጆቹ በኖሩበት ሙያ ምክንያት ከሰው ተራ እንዲወጣ ሲደረግ ቴአትር ምን ሊሠራ እንደሚችል እንነጋገራለን። ቦታችን የአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው፤ መካኒሳ፣ ጀሞ፣ ለቡ፣ ሳር ቤት። ከዚያም ክፍለ ከተማው ከኮልፌ ቀራንዮ ጋር ወደሚዋሰንበት ወደ ዘነበወርቅ እናቀናለን።

መጀመሪያ ግን በሐሳባችሁ አንድ መድረክ ዘርጉልኝ። መካኒሳ አካባቢ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ነው እንበል። የድራማ ክበቡ ልጆች አግዳሚ ወንበሮችን በረድፍ በረድፍ ደርድረዋል፤ ሚኒባስ ታክሲ መሆኑ ነው። ከፊት የተቀመጠው ልጅ በባዶ እጁ መሪ ይዟል። በሩ ላይ የቆመው ረዳት "ሳር ቤት፣ ሜክሲኮ! ሳር ቤት፣ ሜክሲኮ! አንድ ሰው፣ የሞላ!" ይላል። አንዲት እናት ይገባሉ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፤ የሁለቱም እጆቻቸው ጣቶች በሥጋ ደዌ የተጎዱ ናቸው። ከኋላ አንድ ክፍት ቦታ አለ። አጠገቡ ያለው ወጣት ትንሽ ያመነታና ቦርሳውን ጭኑ ላይ አንስቶ ወደ መስኮቱ ይለጠፋል። እናታችን ጠርዙ ላይ ይቀመጣሉ።

ታክሲው ይሄዳል። ረዳቱ "ከኋላ ሂሳብ!" ይላል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ብሩን ለፊተኛው ያቀብላል፣ ፊተኛው ለሌላው፣ እየተቀባበለ ረዳቱ ዘንድ ይደርሳል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ማንም ማንንም ሳያውቅ ብር ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። እናታችን ብሩን ወደ ፊት ዘረጉ። ከፊታቸው ያለችው ልጅ ስልኳ ላይ አቀረቀረች። ከጎኗ ያለው ሰው በመስኮት ውጭ ውጭውን ማየት ጀመረ። ብሩ እንደተዘረጋ ቆየ። ረዳቱ ዞር ብሎ አየና "ይተዉት ማዘር፣ እርስዎ በነፃ ነዎት" አለ። ሁሉም ተነፈሰ። ትዕይንቱ እዚህ ላይ ይቆማል።

የክበቡ አወያይ ወደ ተመልካቹ ዞሮ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "እናንተ ታክሲው ውስጥ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ወጥታችሁ አሳዩን።"

አድማጮቻችን፣ ይህ የቴአትር ዓይነት የፎረም ቴአትር ይባላል። መሥራቹ ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦኣል ነው። ቦኣል በአገሩ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1971 አስሮ አሠቃይቶት ከአገር ተሰደደ። ስለ ተጨቋኞች ቴአትር የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ። የፎረም ቴአትር እንዴት እንደተወለደ ራሱ ደጋግሞ ይተርከው የነበረ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በፔሩ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ተመልካች ሐሳብ ይሰጣል፣ ተዋናዮቹ ሐሳቡን ይጫወቱታል። አንድ ቀን የታየው ድራማ ማንበብ ስለማትችል ሴት ነበር። ባሏ "አደራ፣ ሰነድ ነው" ብሎ ያስቀመጠባት ወረቀት ሁሉ የውሽማው ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ። ባልየው ከመንገድ ሲመለስ ምን ታድርገው? አንዲት ግዙፍ ሴት ከተመልካቹ መካከል ተነሥታ "በግልጽ ትነጋገረውና ከዚያ ይቅር ትበለው" አለች። ተዋናዮቹ ሞከሩት፤ "አይደለም" አለች። ደገሙት፣ ሠለሱት፤ አሁንም አይደለም። ቦኣል ቢቸግረው "እንግዲያው ነይና አንቺው አሳይን" አላት። ሴትየዋ ወጣች፣ መጥረጊያውን አነሣች፣ ተዋናዩን እስኪበቃው ወቃችው። ከዚያ ይቅር አለችውና ራቷን እንዲያቀርብላት አዘዘችው። "በግልጽ መነጋገር" ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ሌላ ሰው ሊጫወትላት አይችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ የቦኣል ተመልካች ከመቀመጫው እየተነሣ ራሱ የሚጫወት ሆነ።

አሁን ወደ ታክሲያችን እንመለስ። እንዲህ ያለ ድራማ በተማሪዎች ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ቁጡው ነው። አንድ ልጅ ወጥቶ የአንዱን ተሳፋሪ ቦታ ይይዛል፤ ረዳቱ ላይ ይጮሃል፤ "አታፍርም? ሰው አይደሉም እንዴ?" ይላል። ተመልካቹ ያጨበጭባል። አወያዩ ግን እናቲቱን ወደምትጫወተው ልጅ ዞሮ "እርስዎ አሁን ምን ተሰማዎት?" ይላል። ሁሉም ሰው ዞሮ እያያቸው ነው፤ ስለ እሳቸው ሌሎች እየተጣሉ ነው፤ ነጠላቸውን ይበልጥ ይከናነባሉ፤ ወራጅ ማለት ነው የሚያምራቸው። ሁለተኛዋ ልጅ ትወጣና "የእናቴን እኔ ልክፈልላቸው" ትላለች። ደግ ልጅ ናት። ነገር ግን የሴትየዋ ብር አሁንም እጃቸው ላይ ነው። ሦስተኛው ምንም አይልም። እጁን ዘርግቶ ብሩን ይቀበላቸዋል፣ ለፊተኛው ያቀብላል፣ መልሱ ሲመጣ በመዳፋቸው ያስቀምጥላቸዋል፤ "መልስዎ ልክ ነው? የት ነው የሚወርዱት?" ብሎ ይጠይቃቸዋል። ታክሲው መንገዱን ይቀጥላል።

እኔ የዚህን ቴአትር ትልቁን ትምህርት የማየው እዚህ ላይ ነው። በትዕይንቱ ክፉ ሰው የለም። ረዳቱ አልተሳደበም፤ እንዲያውም ሂሳብ ማረላቸው። ከሰው እኩል ከፍለው የመሄድ መብታቸውን ግን በዚያው ቃል ወሰደባቸው። ከረዳቱ ይልቅ ከባዱን ሥራ የሠሩት ዝም ያሉት ናቸው፤ ያቀረቀረችው፣ በመስኮት ያየው፣ ወደ መስኮቱ የተለጠፈው። ዝምታቸው ባይኖር ረዳቱ ምሕረት የሚያደርግበት ምክንያት አያገኝም ነበር። ቦኣል ራሱ ጨቋኙን በደግ ሰው መተካት እንደ አስማት ነው፣ ምንም አያስተምርም ይል ነበር፤ መተካት ያለበት ተበዳዩ ወይም አጋር መሆን የሚችለው ሰው ነው። በአገራችን የመገለል ታሪክ ይህ አጋር መሆን የሚችለው ሰው ማለት አብዛኞቻችን ነን፤ ተሳፋሪዎቹ።

ተሳፋሪዎቹ የእናታችንን እጅ ለምን ፈሩ? ይህን በሚገባ እንየው፤ ድራማ የሚያዘጋጅ ክበብ ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነውና። የሥጋ ደዌ የሚመጣው በባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያውን ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አገኘው። እርግማን አይደለም፣ በዘር የሚወረስም አይደለም። ከ100 ሰዎች 95 ያህሉ ባክቴሪያው ቢገባባቸው እንኳ ሰውነታቸው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት በሚመክረው የተቀናጀ መድኃኒት፣ እንደ ሕመሙ ዓይነት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይድናል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉን ያቆማል።

ጣት የሚያጥረው በሽታው "በልቶት" የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ነገሩ ሌላ ነው። ባክቴሪያው ነርቭን ይጎዳል፤ እጅ ስሜቱን ያጣል። አንዲት ሴት ከምድጃ ላይ የጋለ ድስት ታነሣለች፤ አይሰማትም። እጇ ይቃጠላል፣ ይቆስላል፤ ቁስሉም ስለማያማት አትጠነቀቅለትም፤ እንደገና ትሠራበታለች። ዓመታት ሲደራረቡ ጣት ይጎዳል። እንግዲህ ታክሲ ውስጥ ያየነው እጅ የድሮ ቃጠሎና የድሮ ቁስል ምልክት ነው። ሕመሙ ከዳነ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ እጅ ብር የተቀበለ ሰው ከብሩ በቀር የሚደርሰው ነገር የለም።

አሁን ወደ ዘነበወርቅ እንሂድ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ፣ ያኔ ከከተማው ውጪ በነበረ ሜዳ ላይ፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተሠራውና በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. ሆስፒታሉ አለርት ሆነ፤ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ማለት ነው። በዚያው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1970 በሐንሰን ስም የሚጠራው የምርምር ተቋም ተቋቋመ። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ለሕክምና በእግርና በበቅሎ የመጡ ሰዎች ከዳኑ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ቀያቸው አልተመለሱም። ቀዬው አልተቀበላቸውም። በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ጤነኞች ሆነው እዚያው አደጉ። ከጊዜ በኋላ ከተማው የቆሻሻ መጣያውን ከእነሱ አጠገብ አደረገ፤ ቆሼ። ሰው የራቀውን ሰፈር ለቆሻሻ መምረጥ ቀላል ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ያለቁት እዚያ ነው። መገለል የሚገድልበትን መንገድ የሚጠራጠር ሰው ካለ፣ ያችን ምሽት ያስብ።

ሕጋችንም ለረጅም ጊዜ ከሰፈሩ ሰው ጋር አልቆመም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንድ ሰው ያገባው ሰው የሥጋ ደዌ እንዳለበት ሳያውቅ ከሆነ ጋብቻውን ማፍረስ የሚያስችል መሠረታዊ ስሕተት አድርጎ በሽታውን በስም ጠቅሶት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ስሙን አወጣው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመጽሐፍ የወጣ ነገር ከሰው እጅና ዓይን እስኪወጣ ሌላ ሥራ ይጠይቃል። በሙያ ምክንያት የሚደርሰው መገለልም እንዲሁ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከ100 ዓመት በላይ አለፈ። አሁንም በአንዳንድ ቀዬ የሸክላ ሠሪ ልጅ ከጎረቤቷ ልጅ ጋር አትጋባም። አዋጅ ያስፈልጋል። ሰው እጁን እንዴት እንደሚዘረጋ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ዓይኑን ወዴት እንደሚያዞር ግን በአዋጅ አይለማመድም፤ በልምምድ ነው የሚለማመደው። መለማመጃ ቦታ ደግሞ መድረክ አለ።

ኪነ ጥበብ በዚህ ጉዳይ ንጹሕ ሆኖ የኖረ እንዳይመስለን። ጎሕ ሲቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙትን ላሊበሎች አስቡ። ማዜሙን ከተዉ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚለው እምነት ከትውልድ ትውልድ ተላልፏል፤ ዜማው የሚያምረውን ያህል ፍርሃቱንም አብሮ አድርሶልናል። ከያኒው ራሱም የተገለለ ነበር። አዝማሪ ሰርግ ያደምቃል፤ ልጁን ግን ማን ይድርለታል? በዘመናዊው ቴአትራችን መጀመሪያ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነበርና። ቀደም ብለው መድረክ ከረገጡት ሴቶች አንዷ የነበረችው ባለ ክራሯ አስናቀች ወርቁ ስንት ስም እንደተለጠፈባት የሚያውቅ፣ ኋላ ላይ የተሰጣት ክብር በስንት ዋጋ እንደመጣ ይረዳል።

በኋለኛው ዘመን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። በየድራማችንና በየፊልማችን አካል ጉዳተኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታየው በሁለት መልክ ነው፤ ወይ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለማኝ ሆኖ እንባችንን ሊያመጣ፣ ወይ ሊያስቀን። በዚያ ላይ የሚጫወተው ብዙ ጊዜ አካል ጉዳት የሌለበት ተዋናይ ነው። ባለ ጉዳዩ ራሱ ሲጫወት፣ ያውም አስተማሪ፣ አባወራ፣ ነገረኛ ጎረቤት፣ አፍቃሪ ሆኖ ሲጫወት ያየነው ስንቴ ነው?

ይህ የሚቻል መሆኑን በአዲስ አበባ ያሳዩን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም፣ መንትያ የወለዱ ድሃ ቤተሰቦችን ከሚረዳው ጀሚናይ ትረስት ጋር በመተባበር 100 ያህል ጎዳና ላይ የኖሩና የተቸገሩ የአዲስ አበባ ልጆችን አሠልጥኖ ካርሚና ቡራና በተባለው የካርል ኦርፍ የሙዚቃ ድርሰት መድረክ ላይ አወጣቸው። ከዚያ አዱኛ የሚባለው የዳንስ ቴአትር ቡድን ተወለደ። የተመረጡት ልጆች ለዓመታት በዳንስና በማኅበረሰብ ቴአትር ሠለጠኑ። በኋላም ብሪታኒያዊው አዳም ቤንጃሚን መጥቶ ከእነሱ ጋር አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን አሠለጠነ፤ አዱኛ ፖቴንሻልስ የተባለው ቡድን መድረክ ላይ ወጣ። ቀድሞ የከተማው ሰው "ዱርዬ" እያለ የሚሸሻቸው ልጆች፣ ኋላ ላይ በክራንች የሚሄድና ያለ ክራንች የሚሄድ ሰው አብረው የሚደንሱበትን መድረክ አዘጋጁ። ከአዱኛ ልጆች አንዱ የሆነው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሮሌክስ የኪነ ጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ በጃፓናዊው የዳንስ ሊቅ ሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር ሠለጠነ። እነዚህ ልጆች ማንም ስላዘነላቸው እዚያ አልደረሱም። በየቀኑ ሠልጥነው፣ ላብ አፍስሰው ነው።

አድማጮቻችን፣ በተለይ በጀሞ፣ በለቡ፣ በላፍቶ፣ በመካኒሳ ባሉ ትምህርት ቤቶች የድራማ ክበብና የሚኒ ሚዲያ ኃላፊ የሆናችሁ መምህራን፣ በየወጣት ማዕከሉ ያላችሁ ከያንያን፣ ይህ መልእክት ለእናንተ ነው። እንዲህ ያለ ድራማ ስታዘጋጁ ጽሑፉን ከራሳችሁ አእምሮ አትጀምሩ። የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች የራሳቸው ብሔራዊ ማኅበር አላቸው፤ መስማት የተሳናቸው ወገኖች ማኅበር አላቸው፤ በመካኒሳም ለረጅም ዓመታት ያስተማረ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ። ሂዱና "በየቀኑ የሚገጥማችሁ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ትልቅ በደል እንጠብቃለን፤ እነሱ የሚነግሩን ግን ለብቻ ስለሚቀመጥላቸው የቡና ስኒ፣ በእድር ድንኳን ውስጥ አጠገባቸው ስለሚተርፈው ወንበር፣ ቤት ሊከራዩ ሄደው "አሁን ተያዘ" ስለመባላቸው ሊሆን ይችላል።

ሰው የደረሰበትን በደል በራሱ ስም መድረክ ላይ ቆሞ እንዲናዘዝ ግን አታድርጉ። ታሪኩን ለአንድ ገጸ ባሕርይ ስጡት፣ ስሙንም ቀይሩ። ማን እንደሚጫወት ባለ ጉዳዮቹ ራሳቸው ይወስኑ፤ መጫወት የሚፈልግ ካለ ቦታው የእሱ ነው። ልምምዱ ላይ ሻዩን አብራችሁ ጠጡ፤ ከድራማው የበለጠ የሚያስተምረው አንዳንድ ጊዜ ይህ ነው። ትዕይንቱ አጭር ይሁን፣ ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ፤ መልስ ሳትሰጡበት አቁሙት። አወያዩ አይስበክ። ተመልካች ወጥቶ የማይረባ ነገር ቢሞክር እንኳ አትሳቁበት፤ "እንዲህ ሲሆን ምን ተፈጠረ?" ብላችሁ ጠይቁ። በመጨረሻም እናቲቱን የምትጫወተውን ሰው ምን እንደተሰማት ሳትጠይቁ መድረኩን አትዝጉ፤ ከተመልካቹ ጭብጨባ ይልቅ የእሷ መልስ ይበልጣል።

አንድ ድራማ ሰፈርን አይለውጥም፤ ይህን ደፍሬ እናገራለሁ። በየወሩ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየእድሩ ሲደጋገም ግን ሌላ ነው። ቦኣል ኋላ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጄኔሮ ምክር ቤት አባል ሆኖ፣ ከሰፈር ሰፈር በተጫወቷቸው ትዕይንቶች ላይ ሕዝቡ ያቀረበውን ሐሳብ ወደ ምክር ቤት እያቀረበ 13 ሕጎች እንዲጸድቁ አድርጓል። የእኛስ ወረዳዎች በዓመት አንድ ስብሰባ በእንዲህ ያለ ድራማ ቢጀምሩ ምን ይከለክላቸዋል?

ከመሰነባበታችን በፊት አንድ የጤና መልእክት። በኢትዮጵያ አሁንም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዳዲስ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይገኛሉ። በቆዳችሁ ላይ ቀለሙ የደበዘዘ ወይም የቀላ፣ ሲነካ የማይሰማ ምልክት ካያችሁ፣ ወይም እጅና እግራችሁ ከደነዘዘ፣ ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ አትቆዩ። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ነርቭ ሳይጎዳ በጊዜ የተጀመረ ሕክምና የአካል ጉዳትን ያስቀራል፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል።